የድሬን ፀሐይ አትውቀሱ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ዓመታት አንብቤያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ አንዲት ቪቴ፣ ማለትም ስለ አንዲት ትንሽ ብሎን ነው። ስለ ቪቴዋ፣ ከሥሯ ስለምትነጠፈው ሚካ የምትባል ስስ የማዕድን ንጣፍና ሚካዋ ስለምትቀባው ነጭ ቅባት። ሦስቱም ትንንሽ ነገሮች ናቸው። በእነሱ የተነሣ ግን የስንት ቤት እንጀራ ሲቋረጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ጠባብ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሥራዬን የጀመርኩት በሬዲዮና በቴፕ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ የሠርግ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ኢንቨርተር እያልኩ መጣሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር በዛ። የእኔንም ጠረጴዛ የኤሌክትሪክ ባጃጅና የሞተር ሳይክል ኮንትሮለር ሞላው። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ኮንትሮለር ማለት የባትሪውን ኃይል ተቀብሎ ለሞተሩ እየመጠነ የሚሰጥ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ሹፌሩ እጀታውን ሲጠመዝዝ ትእዛዙን የሚፈጽሙት ሳጥኑ ውስጥ የተደረደሩት ትራንዚስተሮች ናቸው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት፣ ሱቄን ገና ሳልከፍት፣ አንድ ወጣት ሹፌር ባጃጁን እየገፋ መጣ። ከመጋላ ተነሥቶ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ እስከ ሳቢያን ገፍቶታል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አቦ ጋሼ፣ ፍሬን እንደያዘ ነገር አልገፋም አለኝ» አለ። መቀመጫው ሥር ገባሁና ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት ወፋፍራም ሽቦዎች፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ ፈታሁ። «እስቲ አሁን ግፋው» አልኩት። ጎማው ያለ ችግር ተሽከረከረ። ልጁ ደነገጠ። ሞተሩ ጤነኛ ነበር። የተቃጠለ ትራንዚስተር ሾርት ሆኖ ስለሚቀር ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ኃይል በዚያው ይዞርና ጎማውን ይይዘዋል። ሽቦዎቹ ሲፈቱ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ኮንትሮለሩ ጋ ነው። ካልተለቀቀ ሞተሩን እዩ። ይህን ማንም ሹፌር መንገድ ዳር ሊሞክረው ይችላል፤ ባትሪውን ማላቀቅ ብቻ እንዳይረሳ።

ኮንትሮለሩ በሁለት ወር ውስጥ ሲቃጠል ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቦታ ተሠርቷል። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ ትራንዚስተር ተገዝቶለታል። ሁለቱንም ጊዜ የተነገረው አንድ ነገር ነው፤ «የድሬ ፀሐይ ናት፤ እዚህ አገር አይበረክትም።» ልጁም አምኗል። ባጃጁ የሰው ነው። በየቀኑ ገቢ ማስገባት አለበት። ቆሞ በዋለበት ቀን ገቢውን ከየት እንደሚያመጣው ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። እናቱ የምታስቀምጠውን የዕቁብ ብር እንደነካ ነገረኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። 12 ትራንዚስተሮች አንድ የአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ተደርድረው ታስረዋል። አንደኛው ሆዱ ተሰንጥቋል። ያሰረውን ቪቴ ለመፍታት ካቻቪቴውን በፒንሳ ይዤ ነው የጠመዘዝኩት፤ ያን ያህል ጠብቋል። ከሥሩ ሚካዋን በወረንጦ አነሣሁና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኳት። መሐሏ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ከነጥቧ ተነሥቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እስከ ጫፏ ሄዷል። ከዚያ አሉሚኒየሙ ላይ፣ የቪቴው ቀዳዳ አፍ ጋ፣ ጥፍሬን አሳለፍኩ። ያዘኝ። መብሻው፣ ትራፓኖው፣ ሲበሳው የተወውን ስለታም ጠርዝ ማንም አልሞረደውም።

ነገሩ ይኸው ነበር። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የትራንዚስተሩ የብረት ጀርባ ባዶ ብረት አይደለም። ከመሐለኛው እግሩ ጋር አንድ ነው፤ ኃይል አለበት። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተገናኙት፣ «የላይኞቹ» የምንላቸው፣ ጀርባቸው ያው ፖዘቲቭ ነው። «የታችኞቹ» የምንላቸው ጀርባ ደግሞ ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ሽቦዎች ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም አንድ ዘንግ ላይ ስለሚታሰሩ ከሥራቸው ሙቀትን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክን ግን የማያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ሚካ የምትነጠፈው። ያ ስለታም ጠርዝ በጠበቀው ቪቴ ኃይል ሚካዋን ወጋት። ባጃጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ቀዳዳዋ ሰፋች። አንድ ቀን 60 ቮልት በእሷ በኩል ዘለለ። ፀሐይዋ እዚህ ውስጥ ምን አገባት?

የጎረቤቶቹን ሁኔታም ልንገራችሁ። እነሱ ገና አልተቃጠሉም። ግን ከሁለቱ ሆድ ሥር፣ ከእግሮቹ በኩል፣ የሲጋራ ወረቀት አስገባሁ። ገባ። ወዲያና ወዲህም ተንሸራሸረ። ቲኦ 220 የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለችው፤ እሷም ከላይ ጫፉ ላይ ናት። ሙቀቱን የሚያወጣው ቺፕ፣ ሥራውን የሚሠራው ትንሽ የሲሊኮን ቁራጭ፣ ደግሞ ዝቅ ብሎ ጥቁሩ ሆድ ሥር ነው። ቪቴውን ከልክ በላይ ያጠበቅህ እንደሆነ ጀርባው በላይኛው ጫፍ ይታጠፍና ሆዱ ብድግ ይላል። የአልጋን አንድ ጫፍ ሰው ሲቀመጥበት ሌላው እንደሚነሣው ማለት ነው። ቺፑ ያለበት ቦታ አየር ላይ ይቀራል። «ጥብቅ አድርጌ አሠርኩት» የሚለው ባለሙያ በገዛ እጁ ከማቀዝቀዣው ለይቶታል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በእነዚህ ኮንትሮለሮች ውስጥ አዘውትሬ የማገኘው አይአርኤፍቢ 4110 የሚባለውን ነው። የፋብሪካው ወረቀት 100 ቮልት፣ 180 አምፒር ይላል። ብዙ ሰው 180ን ያይና ልቡ ይረጋል። ያ ቁጥር ግን ጀርባው 25 ዲግሪ ላይ ተይዞ የተሰጠ ነው። በግንቦት ድሬ ላይ 25 ዲግሪን የምናገኘው ሌሊት ነው። ጀርባው 100 ዲግሪ ሲደርስ ያው ወረቀት ራሱ ወደ 130 አምፒር ያወርደዋል። ማቀፊያውና እግሮቹ ደግሞ ከ120 አምፒር በላይ አይሸከሙም።

ትራንዚስተሩ ሲበራ ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ፣ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚያግደው፣ ቢበዛ 4.5 ሚሊ ኦም ነው፤ እጅግ ትንሽ ነው። ባጃጁ ሦስት ሰውና ሁለት ጆንያ ጭኖ ዳገት ሲወጣ በአንዱ ትራንዚስተር 40 አምፒር አለፈ እንበል። 40 ሲባዛ በ40፣ ሲባዛ በ0.0045፣ 7.2 ዋት ይሆናል። ሲሞቅ ግን ሬዚስታንሱ እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። ስለዚህ ወደ 14 ዋት። ሲከፍትና ሲዘጋ የሚባክነው ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ከማትበልጥ ቺፕ ነው።

አሁን የሚሄድበትን መንገድ እዩ። ከቺፑ እስከ ብረት ጀርባው መንገዱ ጥሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ዋት 0.4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚጨምረው። ያ የፋብሪካው ሥራ ነው። ከጀርባው እስከ አሉሚኒየሙ ያለው ግን የእኛ ሥራ ነው። ሚካዋ በደንብ ተቀብታ በልክ ከታሠረች በእያንዳንዱ ዋት 1.5 ዲግሪ ገደማ ትጨምራለች። ደረቋን ከተነጠፈች 3 ገደማ። በ14 ዋት ሲሰላ ልዩነቱ 21 ዲግሪ ነው። ይህ እንግዲህ ቅባት በመቅባትና ባለመቅባት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሆዱ ብድግ ያለውስ? አየር ሙቀትን ለማሳለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። የአንድ ወረቀት ውፍረት፣ ማለትም 0.1 ሚሊ ሜትር አየር፣ በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ በእያንዳንዱ ዋት 38 ዲግሪ ይጨምራል። ያንኑ ክፍተት ደካማ የሚባል ቅባት እንኳ ቢሞላው ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል። 38ን በ14 ዋት አባዙት። ከ500 በላይ ነው። ቺፑ የሚችለው እስከ 175 ነው። በእርግጥ ሆዱ ሙሉ በሙሉ አይነሣም፤ የሚነካካው ቦታ አለ። በዚያ በሚነካካው ጥቂት ቦታ ነው ለሳምንታት በሕይወት የሚቆየው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የበለጠ ያሳዝናል። አንዱ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ከጎኑ ወዳለው ጓደኛው ሸክሙን ይገፋል። ያ ጓደኛው በደንብ የታሠረ ቢሆን ችሎ ይይዘዋል። እሱም ብድግ ያለ ከሆነ ግን ተያይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ «አንዱን ብቻ ቀይርልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ የሌሎቹን ቪቴ ሳያዩ መመለስ ጥፋት ነው።

ፀሐይዋን ከደሙ ነጻ የማደርግበት ሌላም ማስረጃ አለኝ። ከሐረርም ኮንትሮለር ይመጣልኛል። ሐረር ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። የደንገጎን ዳገት አልፎ የወጣ ሰው አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። በቀትር ያለውን ልዩነት 10 ዲግሪ ብለን እንያዘው። የድሬ ፀሐይ በቺፑ ላይ የምትጨምረው እንግዲህ 10 ዲግሪ ነው። ደረቅ ሚካ ደግሞ 21። ከሐረር የሚመጡት ደግሞ በዚያው በሽታ ነው የሚሞቱት፤ ደረቅ ሚካ፣ የተሰነጠቀ ሚካ፣ ብድግ ያለ ሆድ። ሙቀታችን አይጎዳም አላልኩም። ስህተትን ይቅር የማትል አገር ላይ ነን። ግን ስህተቱ የእኛ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። አሁን በሕይወት የሉም። ጡረታ ወጥተው ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ አምፕሊፋየር ይጠግኑ ነበር። ያኔ የምንሠራው 2ኤን3055 በሚባለው፣ እንደ ትንሽ የብረት ቆብ በሚመስለው ትራንዚስተር ነው። ሁለት ቪቴ አለው፤ በግራና በቀኝ። ቺፑ መሐል ላይ ስለሆነ ሁለቱን ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ ካጠበቅህ ለጥ ብሎ ይቀመጣል። ጋሼ መጀመሪያ ያስጨበጡኝ ዕቃ መበየጃ አልነበረም፤ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ነበር። አሉሚኒየሙን በመስታወት ላይ አስተኝቼ በብርጭቆ ወረቀት እንድፈገፍግ ያደርጉኛል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል። አንዲት ሸካራ ነገር ከተሰማቸው ይመልሱልኛል። አንድ ሙሉ ሳምንት ከዚህ በቀር ምንም አልሠራሁም።

«ሙቀት እንደ ደቻቱ ነው» ይሉኝ ነበር። «መንገዱን ከዘጋህበት ቤትህን ይዞ ይሄዳል።» በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ያደረገውን ካየሁ በኋላ ይቺ ንግግራቸው ከውስጤ አልወጣችም።

እኔም አጥፍቻለሁ፤ ይህን ሳልናገር ሌላውን መውቀስ አልችልም። የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ኮንትሮለር ስሠራ ትራንዚስተሮቹን መጀመሪያ ቦርዱ ላይ በሊድ በየድኳቸው፤ ቀጥዬ ቪቴውን አጠበቅሁ። ቪቴው ሲጠብቅ ጀርባውን ወደ አሉሚኒየሙ ሳበው፤ እግሮቹ ግን በሊድ ተይዘዋል። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ቴስተሩም ደህና ነው አለ። ባጃጁ ኮብልስቶን ላይ አንድ ወር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የአንዱ እግር ከሥሩ ተሰነጠቀ። ሹፌሩ ሌሊት ሰው ጭኖ መንገድ መሐል ቀረ። ከኋላው ሲኖትራክ ይመጣ ነበር። አምላክ አወጣቸው። ብሩን መለስኩለት፤ ድንጋጤውን ግን መመለስ አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ በቪቴ አስራለሁ፣ ቀጥዬ እበይዳለሁ። እግሩን ማጠፍ ሲያስፈልግም ከሆዱ በኩል በቀጭን ፒንሳ ይዤ ከ3 ሚሊ ሜትር ራቅ ብዬ ነው የማጥፈው። ኃይሉ ወደ ሆዱ እንዳይሄድ ነው።

ለልጁ ኮንትሮለር ያደረግኩትን ልጻፈው፤ ሥራው ላይ ላሉ ወንድሞቼና እህቶቼ ይጠቅም ይሆናል። ዘንጉን ፈትቼ ሁሉንም ቀዳዳዎች በትልቅ የትራፓኖ ጫፍ በእጄ ሁለት ሦስት ዙር አዞርኩባቸው። ስለታሙ ጠርዝ ተላጠ። ከዚያ እንደ ጋሼ በመስታወት ላይ ፈገፈግኩት፤ በቤንዚን አጠብኩት። ብናኙ ካልታጠበ እሱም ሚካ ይወጋል። አዲስ ሚካ ቆረጥኩ። ጠርዟ ከትራንዚስተሩ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አደረግኩ። ቅባቱን በሁለቱም ገጽ በጣም ስስ አድርጌ ቀባሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅባት ከአሉሚኒየም ጋር ሲተያይ ራሱ ሰነፍ ነው፤ ሥራው የአየሩን ቦታ መያዝ ብቻ ነው። እንደ ቅቤ ከተለሰነ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ሚካዋ ሥር ያለው ብረት በቅባቱ ውስጥ እየታየ ከሆነ በቂ ነው።

ቅባት ሲያጡ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ። ለጥቂት ቀን ይሠራል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ብረቱንም ይበላል። የመኪና ግራሶ የሚቀቡም አሉ፤ በድሬ ሙቀት ይቀልጥና ይፈስሳል። በሚካ ፋንታ የብስኩት ላስቲክ ቆርጦ ያነጠፈ ሰውም አጋጥሞኛል። እባካችሁ ይህ ይቅር።

ቪቴው በሚካዋ በኩል ሲያልፍ ራሱ ብረት መሆኑን አንርሳ። ቀዳዳው ውስጥ የምትገባው ባለ አንገት የላስቲክ ሮንዴላ (መሐሏ ቀዳዳ የሆነች ክብ ንጣፍ) ካልኖረች ሚካዋ ባዶ ድካም ናት። ከላስቲኳ ላይ ደግሞ የብረት ሮንዴላ፣ ከዚያም የምትተነፍስ ስፕሪንግ ሮንዴላ ይደረጋል። ላስቲኩ በሙቀት እየሰመጠ ሲሄድ ስፕሪንጓ ተከትላ ትይዘዋለች። ያለ እሷ ዛሬ በልክ የታሠረው በሁለት ወር ይላላል።

የማጥበቁ ልክ ስንት ነው? ለእነዚህ ትራንዚስተሮች ከ0.6 እስከ 1.1 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ካቻቪቴ ውድ ነው፤ እኔም ለረዥም ጊዜ አልነበረኝም። ዘዴ ላካፍላችሁ። የካቻቪቴው እጀታ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ አሥሬ፣ ጫፉ ላይ 1 ኪሎ ስኳር አንጠልጥዬ ሞከርኩ። 1 ኒውተን ሜትር ማለት እሱ ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሳይ ገረመኝ። ስንቱን ቪቴ የዚያን ሦስት እጥፍ አጥብቄ ኖሬያለሁ! አሁን እጄ ለምዶታል። ለልምምድ የሚመጡ ልጆችንም መጀመሪያ በስኳሩ ነው የማስጀምራቸው።

ቦታ ካለ ግን ቪቴውን ትቶ በቅንጥብ (በክሊፕ) መያዝ ይሻላል። ቅንጥቡ የሚጫነው ሆዱ ላይ፣ በቀጥታ ከቺፑ በላይ ስለሆነ ብድግ የሚል ነገር አይኖርም። ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ረዥም ዘንግ ቆርጬ፣ በስድስት ትራንዚስተር ሆድ ላይ አጋድሜ፣ በጥቂት ቡሎን ወደ አሉሚኒየሙ ጫን አድርጌ የሠራኋቸው ኮንትሮለሮች አሉ። እስካሁን አንዱም አልተመለሰም።

ከመበየዴ በፊት እያንዳንዱን ጀርባ ከአሉሚኒየሙ ጋር በቴስተር ለካሁ። ድምፅ ካሰማ ይፈታል፣ ሌላ መንገድ የለም። ከበየድኩ በኋላ በቦርዱ ሥር ዋናው ኃይል በሚያልፍባቸው መስመሮች ላይ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አስተኝቼ በሊድ አለበስኳቸው፤ የቦርዱ መዳብ ስስ ስለሆነ ብቻውን ያን ያህል አምፒር ሲሸከም ይግላል፣ ሙቀቱም በእግሮቹ በኩል ወደ ትራንዚስተሩ ይመለሳል። በመጨረሻ ሙቀት የሚያወጡትን የሳጥኑን ክንፎች ጠረግኩ። የድሬ አቧራ በክንፎቹ መሐል ከዘይት ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቆ ነበር።

ስለ ትራንዚስተሩ ራሱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ገበያ ላይ ላዩ ተፍቆ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት አለ። እኔ ጥጥ በአሴቶን ነክሬ አሻሸዋለሁ፤ ጽሑፉ ከለቀቀ አልገዛውም። ግን እውነቱን ለመናገር፣ «ፎርጅድ ነው» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ብዙው ጥሩ ሆኖ በመጥፎ አገጣጠም የሞተ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ።

ከሙያና ቴክኒክ ኮሌጅ የሚመጡ ልጆች ጎበዞች ናቸው። የኦምን ሕግ ያውቃሉ። ትራንዚስተር እንዴት እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ሥዕል ሥለው ያስረዱኛል። ግን ሚካ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ከአሥር አንድ አላገኘሁም። ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ ያለ ልጅ ሞረድ የሌላው ሙያ ይመስለዋል። መምህራን ሆይ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ለዚህ ስጡት። የተቃጠለ ኮንትሮለር ከእኛ ከጠጋኞቹ ውሰዱ፤ በነጻ እንሰጣለን። ልጆቹ ፈትተው ይዩት፣ በጥፍራቸው ይዳስሱት፣ በስኳር ይመዝኑት።

ዕቃ አስመጪዎችም፣ ትራንዚስተር ስታመጡ ሚካውን፣ የላስቲክ ሮንዴላውንና ቅባቱን አብራችሁ አምጡ። አንዳንድ ጊዜ ትራንዚስተሩ በሽ ሆኖ ሚካ ከከተማው ይጠፋል። ያኔ ነው ሰው ወደ ብስኩት ላስቲክ የሚሄደው።

ሹፌሮችስ? ኮንትሮለር ስታሠሩ ክዳኑ ሳይዘጋ «አሳየኝ» በሉ። ነጭ ቅባት በጠርዙ በኩል በጥቂቱ ወጣ ብሎ ይታያል? ሚካዋ ከትራንዚስተሩ ጎን ተርፋ ትታያለች? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘባችሁ ነው። በሳምንት አንድ ቀንም ክንፎቹን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ውሃ አትርጩበት።

ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ይቺን ከተማ አብሮ ወለዳት። ድሬ የቡሎንና የዳዶ ልጅ ናት። ብረትን ከብረት ጋር ለጥ አድርጎ መግጠም አያቶቻችን የኖሩበት ሙያ ነው። «ድሬ ላይ አይበረክትም» ሲባል እኔን የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ልጁ በዚያን ቀን ማታ 12 ሰዓት ላይ ባጃጁን ነድቶ ሄደ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ባለፈው ሳምንት ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ በሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ አስቆምኩት። እጄን ኮንትሮለሩ ክንፍ ላይ አኖርኩ። ሞቋል፤ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ከቺፑ ወጥቶ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። እጄን ግን አላስነሣኝም። የተወጋችውን ሚካ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬያታለሁ። ሳቢያን የሚያልፍ ባለሙያ ካለ ይግባና ወደ መስኮቱ ይዞ ይያት።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ